ስድሳ ስድስት ዓመት የፈጀው መርዶ፦ የሲድኒ መርከበኞች መታሰቢያ

ሲድኒ የተባለችው የአውስትራሊያ የጦር መርከብ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 19 ቀን 1941 (ኅዳር 10 ቀን 1934 ዓ.ም.) ከምዕራብ አውስትራሊያ ጠረፍ ማዶ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ፣ ከአንዲት የጀርመን መርከብ ጋር ተዋግታ ሰጠመች። ተሳፍረውባት የነበሩት 645 ሰዎች ሁሉም አለቁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አንድም ሰው ሳይተርፍባቸው ከጠፉት የጦር መርከቦች ሁሉ ትልቋ እርሷ ናት። አውስትራሊያ በዚያ ጦርነት ካጣቻቸው የባሕር ኃይል አባላት ከሦስት አንድ በላይ የሚሆኑት የሞቱት በዚያች አንዲት ምሽት ነው። ከሟቾቹ ስድስቱ የአየር ኃይል አባላት፣ አራቱ ደግሞ የመርከቢቱን የመዝናኛ ሱቅ የሚያስተናግዱ ሲቪሎች ነበሩ።

ይህን ሐዘን ከሌሎች የባሕር ላይ ሐዘኖች የለየው ከጥፋቱ በኋላ የሆነው ነገር ነው። የሟቾቹ ወላጆች፣ ሚስቶችና ልጆች የወገኖቻቸው አካል የት እንደወደቀ ሳያውቁ፣ ስለ አሟሟታቸው የተነገራቸውንም ሳያምኑ 66 ዓመት ኖረዋል። ብዙዎቹ እርማቸውን ሳያወጡ ዐረፉ። ስለዚህ የሲድኒ መርከበኞች መታሰቢያ ታሪክ ከሐውልትና ከአበባ ጉንጉን ይልቅ እውነቱን የማግኘት ታሪክ ነው፤ ያ እውነት ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ በጠላት እጅ ነበር።

መርከቢቱ ቀላል ክሩዘር ከሚባሉት ወገን ናት። እንግሊዝ አገር ዎልስኤንድ ላይ ለብሪታንያ ባሕር ኃይል ልትሆን፣ ፌይተን በሚል ስም ግንባታዋ ተጀምሮ ሳለ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1934 ገዝታ ሲድኒ አለቻት። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ክብደቷ 7,000 ቶን ገደማ፣ ርዝመቷ 171 ሜትር ያህል ሲሆን ሁለት ሁለት ሆነው የተጠመዱ ስምንት ባለ 152 ሚሊ ሜትር መድፎች ነበሯት።

የመጀመሪያ ግዳጇ በቀጥታ ከኢትዮጵያ ጋር የተያያዘ ነበር። በ1935 መገባደጃ ከእንግሊዝ ተነሥታ ወደ አውስትራሊያ ስታቀና ጂብራልታር ላይ ጉዞዋን እንድታቆም ታዘዘች። ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ወርሯል፤ የመንግሥታቱ ማኅበር በወራሪው ላይ ማዕቀብ ጥሏል፤ ብሪታንያም በሜዲትራኒያን ባሕር ያላትን ኃይል ማጠናከር ፈልጋለች። ሲድኒ መቀመጫዋን አሌክሳንድሪያ አድርጋ ወራት አሳለፈች። ማዕቀቡ ነዳጅን አላካተተም፤ የስዊዝ ቦይም ለኢጣሊያ አልተዘጋም። እነዚያ ሁሉ የጦር መርከቦች በአሌክሳንድሪያ ተሰልፈው እያለ ወታደርና መሣሪያ የጫኑ የኢጣሊያ መርከቦች በቦዩ አድርገው ወደ ምጽዋ ይወርዱ ነበር። ለሲድኒ መርከበኞች ጥፋት ሊባል አይገባም፤ የታዘዙትን ፈጽመዋል። ማዕቀቡ በጁላይ 1936 ሲነሣ መርከቢቱ ወደ አገሯ ተመለሰች።

ከአራት ዓመት በኋላ ወደዚያው ባሕር ተመለሰች፤ ብዙም ሳይቆይ ኢጣሊያ ጦርነት ውስጥ ገባች። በጁላይ 19 ቀን 1940 ቀርጤስ ደሴት አጠገብ፣ ስፓዳ በተባለው ርእሰ ምድር አካባቢ፣ በካፒቴን ጆን ኮሊንስ የምትመራው ሲድኒ ከአምስት የብሪታንያ አጥፊ መርከቦች ጋር ሆና ባርቶሎሜዎ ኮሌዮኒ የተባለችውን የኢጣሊያ ክሩዘር አሰጠመች። ከኢጣሊያ መርከበኞች ከ500 በላይ የሚሆኑት በብሪታንያ መርከቦች ተለቅመው ነፍሳቸው ተረፈች። የመርከቢቱ አዛዥ ኡምቤርቶ ኖቫሮ ቆስለው ከተያዙ በኋላ አሌክሳንድሪያ ሆስፒታል ውስጥ ሞቱ፤ ጠላቶቻቸውም በወታደራዊ ክብር ቀበሯቸው። ከዚህ ድል በኋላ ሲድኒ የአውስትራሊያ ኩራት ሆነች። በፌብሩዋሪ 1941 ስሟን ወደ ሰጣት ከተማ ስትገባ መርከበኞቹ በአደባባይ ሰልፍ አደረጉ፤ ሕዝቡም በነቂስ ወጥቶ ተቀበላቸው። በዘጠኝ ወር ውስጥ ያች መርከብ የውሃ ሽታ ሆና ስትቀር ነገሩን ለማመን ከባድ ያደረገው አንዱ ምክንያት ይህ ክብሯ ነው።

በሜይ 1941 አዛዥነቱን ካፒቴን ጆሴፍ በርኔት ተረከቡ። የመርከቢቱ ሥራ አሁን በምዕራብ አውስትራሊያ በኩል ወደ እስያ የሚሄዱ ወታደር ጫኝ መርከቦችን ማጀብ ሆነ። በኖቬምበር 11 ዚላንዲያ የተባለችውን ወታደር ጫኝ አጅባ ከፍሪማንትል ወደብ ወጣች፤ በሱንዳ ወሽመጥ አጠገብ ለአንዲት የብሪታንያ ክሩዘር አስረክባ ተመለሰች። ኖቬምበር 20 ፍሪማንትል ትገባለች ተብሎ ይጠበቅ ነበር።

ከመድረሷ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ፣ አንዲት የጭነት መርከብ ታየች። ባንዲራዋ የኔዘርላንድ፣ ስሟም ስትራት ማላካ ይላል። በእርግጥ ግን የጀርመኗ ኮርሞራን ነበረች። ጀርመን በዚያ ጦርነት የንግድ መርከቦችን እያስታጠቀች፣ መድፋቸውን በሚከፈት መሸፈኛ ሸሽጋ፣ ስማቸውንና ቀለማቸውን እየለዋወጠች ወደ ሩቅ ውቅያኖሶች ትልክ ነበር። ኮርሞራን በዲሴምበር 1940 ከአገሯ ከወጣች ወዲህ በ11 የንግድ መርከቦች ላይ አደጋ ጥላለች፤ ስድስት ባለ 15 ሳንቲ ሜትር መድፎች፣ ቶርፒዶዎችና በመቶዎች የሚቆጠሩ የባሕር ፈንጂዎች ጭናለች። አዛዧ ቴዎዶር ዴትመርስ ይባላሉ። ከክሩዘር ጋር መዋጋት የዴትመርስ ፍላጎት አልነበረም፤ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዙረው ለመራቅ ሞከሩ። ሆኖም መርከባቸው በፍጥነት ከሲድኒ ጋር የምትወዳደር አልነበረችም።

ሲድኒ እየተከታተለች በምልክት መብራትና በባንዲራ ማንነቷን ጠየቀች። ጀርመኖቹ ሆን ብለው የተደናገሩ እየመሰሉ፣ ባንዲራውንም በማይታይበት ቦታ እየሰቀሉ ጊዜ ገዙ፤ ክሩዘሯ ለማየት ስትል እየቀረበች መጣች። በመጨረሻም የመርከብ ሁሉ ፈተና የሆነውን ጥያቄ አቀረበች። እያንዳንዱ የወዳጅ የንግድ መርከብ ከአራት ፊደላት የተሠራ ምሥጢራዊ መለያ ነበረው፤ ሲድኒ የስትራት ማላካን መለያ ሁለት መካከለኛ ፊደላት ሰቀለች። እውነተኛዋ ስትራት ማላካ ብትሆን ዳርና ዳር ያሉትን ሁለቱን ሰቅላ በመለሰች። ዴትመርስ መልሱን አያውቁትም። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ የኔዘርላንድን ባንዲራ አውርደው የጀርመንን አሰቀሉ፤ መሸፈኛዎቹ ተከፈቱ።

በዚያች ቅጽበት ሲድኒ ከ1,500 ሜትር የማይበልጥ ርቀት ላይ ነበረች። ለ152 ሚሊ ሜትር መድፍ ይህ አፍ ለአፍ እንደመቆም ነው። የጀርመን ጥይቶች ወዲያው የማዘዣውን ክፍልና የመድፍ ተኩስ የሚመራበትን ማማ መቱ፤ ቶርፒዶ ከፊተኞቹ መድፎች ሥር ገብቶ ፈነዳ። መርከቢቱ ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጀምሮ አዛዦቿን ያጣች ይመስላል። እንዲያም ሆኖ ከኋላ በኩል ያሉት መድፈኞች ያለ ማዕከላዊ ትእዛዝ በራሳቸው ዐይን እያነጣጠሩ ተኮሱ፤ የኮርሞራንን የሞተር ክፍል አቃጠሉት። ኮርሞራንን የገደላት ይህ ተኩስ ነው። የነዚያ መድፈኞች ጀግንነት የታወቀው ተኩሳቸው ባረፈባቸው ጀርመኖች ምስክርነት ብቻ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ከወገን የሚናገርላቸው አልተረፈም።

ሲድኒ እየነደደች ወደ ደቡብ ምሥራቅ ቀስ ብላ ራቀች። ጀርመኖቹ የእሳቷን ብርሃን በአድማስ ላይ ለሰዓታት አዩት፤ ከዚያ ጠፋ። እነርሱም የባሕር ፈንጂዎቹ ሳይፈነዱ መርከባቸውን ለቅቀው ወጡ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ራሳቸው አሰጠሟት። ከ399 ሰዎቿ 318ቱ ተረፉ። ከሞቱትም ብዙዎቹ ያለቁት በውጊያው ሳይሆን ከአቅሙ በላይ የተሞላ የነፍስ አድን ጀልባ ተገልብጦ ነው።

የሐዘኑ ሁለተኛ ክፍል የሚጀምረው በየብስ ላይ ነው። ሲድኒ በቀጠሮዋ ቀን ፍሪማንትል አልገባችም። በጦርነት ጊዜ መርከቦች ራዲዮ ስለማይከፍቱና አንዳንዴም ወደ ሌላ ግዳጅ ስለሚላኩ መዘግየቷ ወዲያው አላስደነገጠም። በራዲዮ ስትጠራና ሳትመልስ ስትቀር፣ የአየር አሰሳውም ሲጀመር ቀኑ ኖቬምበር 24 ሆኗል፤ ውጊያው ካለፈ አምስት ቀን። በዚህ ጊዜ የጀርመን መርከበኞች በየአቅጣጫው መገኘት ጀመሩ። ጥቂቶቹን ሌሎች መርከቦች ከባሕር ላይ አነሷቸው፤ ሁለት ጀልባዎች ደግሞ ከካርናርቨን ከተማ በስተሰሜን ባለው በረሃማ የባሕር ዳርቻ ላይ ደረሱ። ከአውስትራሊያዊ ወገን የተገኘው በፍንጣሪ የተበሳሳ አንድ ባዶ ተንሳፋፊ የነፍስ አድን ታንኳ ነው። ዛሬ በካንቤራው የአውስትራሊያ የጦርነት መታሰቢያ ቤተ መዘክር ይገኛል።

ቤተሰቦች የቅርብ ዘመዳቸው የደረሰበት አለመታወቁን የሚገልጽ ቴሌግራም የደረሳቸው ኖቬምበር 26 እና ከዚያ ወዲያ ነው። ሳንሱሩ ግን ጋዜጦች ስለ መርከቢቱ አንድ ቃል እንዳያወጡ አግዶ ነበር። ወሬው በየሰፈሩ፣ በየመጠጥ ቤቱ፣ በየወደቡ ይዛመታል፤ መንግሥት ዝም ይላል። ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ከርቲን መርከቢቱ መጥፋቷን በይፋ ያሳወቁት በወሩ የመጨረሻ ቀን ምሽት ነው። ለዝምታው ወታደራዊ ምክንያት አልታጣለትም፤ ሌላ የጀርመን መርከብ በአካባቢው ካለች ላለማንቃት የሚል ነው። ነገር ግን መርዶን ማዘግየት ዋጋ ያስከፍላል። አንዴ የተደበቀ ነገር እንዳለ ያየ ቤተሰብ፣ በኋላ ሁሉም ነገር ቢነገረው እንኳ የቀረ ነገር አለ ብሎ ማሰቡን አያቆምም። ለስድሳ ዓመት የዘለቀው ጥርጣሬ ዘሩ የተዘራው በእነዚያ ጥቂት የዝምታ ቀናት ውስጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የቀረው ብቸኛ ምስክርነት ደግሞ የምርኮኞቹ ነበር። ጀርመኖቹ በተለያየ ቦታ፣ በተለያየ ጊዜ ተይዘው ለየብቻቸው ሲመረመሩ የተናገሩት በዋና ዋና ነጥቦቹ አንድ ነው፦ የማታለሉ ነገር፣ ርቀቱ፣ ቶርፒዶው፣ እየነደደች የሄደችው መርከብ። ዴትመርስ የውጊያውን ሥፍራ በኬንትሮስና በኬክሮስ ለይተው ሰጥተዋል። አውስትራሊያ ውስጥ ግን ይህን ያመነ ጥቂት ነው። በሜዲትራኒያን የኢጣሊያን ክሩዘር ያሰጠመች መርከብ እንዴት በጭነት መርከብ ተሸነፈች? 645 ሰው ሲያልቅ ከጠላት ወገን ከ300 በላይ እንዴት ተረፈ? በውሃ ላይ የነበሩትን አውስትራሊያውያን በመትረየስ ፈጅተዋቸው ነው የሚል ወሬ ተነሣ። ሐሰተኛ የእጅ መስጠት ምልክት አሳይተው አቀረቧት የሚልም ነበር። ከሁሉ የገነነው የጃፓን ሰርጓጅ መርከብ አብሮ ነበር የሚለው ነው፤ ጃፓን ፐርል ሃርበርን የመታችው ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ስለነበር ለብዙዎች አሳማኝ መሰላቸው።

እነዚህን ወሬዎች ያሰራጩትን ሰዎች ማቃለል ተገቢ አይደለም። ልጁን ያጣ አባት የልጁ የመጨረሻ ሰዓት ታሪክ ልጁን ከገደሉት አፍ ብቻ ሲነገረው አልቀበልም ማለቱ የሰው ልጅ ጠባይ ነው። ከዚህም በላይ አስከሬን በሌለበት ሐዘን ተስፋ በቀላሉ አይሞትም፤ ምርኮኛ ሆኖ ይሆናል፣ ከአንድ ደሴት ላይ ተጥሎ ይሆናል እያሉ በር በርን ሲያዩ የኖሩ እናቶች ነበሩ።

መታሰቢያው በመጀመሪያ የያዘው መልክ የገንዘብ መዋጮ ነበር። ሕዝቡ በጠፋችው ምትክ ሌላ ሲድኒ እንግዛ ብሎ 426,000 የአውስትራሊያ ፓውንድ ሰበሰበ፤ ገንዘቡ ከጦርነቱ በኋላ ሲድኒ ተብላ ለተሰየመችው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ መግዣ ዋለ። ስሙ ከዚያ በኋላም ለሌሎች የባሕር ኃይሉ መርከቦች ተሰጥቷል፤ በ2020 አገልግሎት የጀመረችው አጥፊ መርከብም ሲድኒ ትባላለች። የሟቾቹ ስም ዝርዝር ደግሞ በእንግሊዝ አገር ፕሊመዝ ባለው የባሕር ኃይል መታሰቢያ ላይ ተቀረጸ፤ መቃብር የሌላቸው የአውስትራሊያ መርከበኞች ስም የሚሰፍረው በዚያ ነበርና። ሥርዓቱ የክብር ነው፤ ግን ለአንዲት የፐርዝ ወይም የብሪዝበን ባልቴት ፕሊመዝ የማይደረስበት ምድር ነው።

ከመርከበኞቹ የአንዱ አስከሬን ብቻ ከየብስ ደርሷል። በፌብሩዋሪ 1942 መጀመሪያ በጃቫ በስተደቡብ በምትገኘው ክሪስማስ ደሴት አንድ የነፍስ አድን ታንኳ ተንሳፍፎ መጣ፤ በላዩ የሞተ ሰው ነበር። የለበሰው ቱታ በፀሐይ ነጥቷል፤ ማንነቱን የሚገልጽ ነገር የለውም። የደሴቲቱ ሰዎች በወታደራዊ ሥርዓት ቀበሩት። ብዙም ሳይቆይ ጃፓን ደሴቲቱን ያዘች፤ መዛግብቱ ጠፉ፤ መቃብሩም በዱር ተዋጠ።

ነገሩ እንደገና የአገር ጉዳይ የሆነው በ1990ዎቹ ነው። ፓርላማው የምርመራ ኮሚቴ አቋቁሞ በ1999 ሪፖርቱን አወጣ፤ ብዙ ወሬዎችን ቢያጠራም የመርከቢቱ ስብራት ሳይገኝ የመጨረሻውን ቃል መናገር አልቻለም። በዚያው ጊዜ በምዕራብ አውስትራሊያ የምትገኘው ጄራልድተን የወደብ ከተማ ነዋሪዎች ከባሕሩ በላይ ባለ ኮረብታ ላይ መታሰቢያ ለማቆም ተነሡ። በኖቬምበር 2001 ተመረቀ። ዋናው ክፍል ግድግዳ የሌለው ጉልላት ነው፤ ጉልላቱ ከማይዝግ ብረት ከተሠሩ 645 የባሕር ወፎች የተሸመነ ሲሆን እያንዳንዱ ወፍ ለአንድ ሰው ነፍስ ቆሟል። በአጠገቡ የመርከብ ግንባር የሚመስል ረጅም ምሰሶ፣ ስሞቹ የተቀረጹበት ግድግዳና ከነሐስ የተሠራች ሴት ሐውልት አሉ። ሴትዮዋ ነፋሱን ተቋቁማ ባርኔጣዋን በእጇ ይዛ ወደ ባሕሩ ትመለከታለች። ሐውልቱ ሲቆም የሚጠብቁት ሰዎች ገና በሕይወት ስለነበሩ ሥራው ለሙታን ብቻ የተደረገ አልነበረም፤ ለጠባቂዎቹም ነው። በመታሰቢያ ሥራዎች ዘንድ ይህ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር ነው።

ስብራቱን የማግኘቱ ሥራ ከዚህ ሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚሻ ነው። ውቅያኖሱ ሰፊ፣ ጥልቀቱም ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ስለሆነ መፈለጊያውን ቦታ ሳያጠቡ መውጣት ገንዘብን ባሕር ውስጥ መጣል ነው። ያለው መረጃ ደግሞ የምርኮኞቹ ቃል ብቻ። የምዕራብ አውስትራሊያ የሥነ ልቦና ምሁራን ኪም ኪርስነርና ጆን ደን ጉዳዩን የያዙት እንደ ማስታወስ ጥያቄ ነው። ከምርመራ ወረቀቶቹ ውስጥ ስለ ሥፍራው የተነገሩትን በደርዘኖች የሚቆጠሩ ቃሎች ሰበሰቡ። አንዳንዱ ምርኮኛ ቦታውን በቁጥር፣ አንዳንዱ ከአንድ ከተማ ባለው ርቀት፣ አንዳንዱም በግምት ይናገራል፤ ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው አይገጥሙም። አንዳንድ የታሪክ ተመራማሪዎች ይህን አለመግጠም የውሸት ምልክት አድርገው ወስደውት ነበር። ሁለቱ ምሁራን ግን ሰዎች የሰሙትን ሲያስታውሱና ለሌላ ሲያቀብሉ የሚሠሯቸው ስሕተቶች ጠባይ እንዳላቸው ከምርምር ያውቁ ነበር። ተስማምቶ የሚዋሽ ሰው ቃሉ አንድ ዓይነት ይሆናል፤ እውነት የሰማና የረሳ ሰው ደግሞ በአንድ ማዕከል ዙሪያ ይበታተናል። የምርኮኞቹ ቃል መበታተን የሁለተኛው ዓይነት ነበር። ማዕከሉን አስልተው በካርታ ላይ አኖሩት።

ፍለጋውን የመሩት የሰጠሙ መርከቦች ፈላጊው ዴቪድ ሜርንስ ሌላ ምንጭም ነበራቸው። ዴትመርስ በእስር ሳሉ ስለ ውጊያው የጻፉትን ዘገባ በአንድ መዝገበ ቃላት ገጾች ላይ፣ ከፊደላቱ ሥር በእርሳስ ጥቃቅን ነጥቦችን እያኖሩ ደብቀውት ነበር። ነጥቦቹ ሲገጣጠሙ የሚሰጡት ታሪክ አዛዡ ለመርማሪዎቻቸው ከተናገሩት ጋር ይስማማል፤ ለራሱ ብቻ በምሥጢር የሚጽፍ ሰው ጠላቱን ለማሳሳት የሚደክምበት ምክንያት የለም።

የፍለጋ መርከቢቱ ጂኦሳውንደር በማርች 2008 ወጣች። በድምፅ ሞገድ የባሕሩን ወለል እየቃኘች በማርች 12 የኮርሞራንን ስብራት አገኘች፤ ከአራት ቀን በኋላ ደግሞ ከዚያ 21 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የተኛችውን ሲድኒን። ጥልቀቱ 2,468 ሜትር፣ ከየብስ ያለው ርቀት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኪርስነርና ደን ያመለከቱት ነጥብ ከእውነተኛው ሥፍራ የራቀው አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቪን ረድ በማግሥቱ ለሕዝቡ አበሠሩ፤ በቀጣዩ ወርም ከስብራቶቹ በላይ በመርከብ ላይ ጸሎትና የአበባ ጉንጉን የማኖር ሥርዓት ተፈጸመ።

ከባሕሩ ሥር የመጡት ፎቶግራፎች ለረጅሙ ክርክር መልስ ሰጡ። በቶርፒዶው የተጎዳው የመርከቢቱ ፊት ተገንጥሎ ከዋናው አካል ተለይቶ ወድቋል፤ የማዘዣው ክፍልና የተኩስ መሪው ማማ ተመትተዋል፤ በአካሏ ላይ ከሰማንያ በላይ የትልልቅ ጥይት ቀዳዳዎች ተቆጠሩ። የነፍስ አድን ጀልባዎቿ ተሰባብረው ነበር። ምርኮኞቹ በ1941 የተናገሩት ሁሉ በብረቱ ላይ ተጽፎ ተገኘ።

በመንግሥት የተሾሙት መርማሪ፣ የቀድሞው ዳኛ ቴሬንስ ኮል፣ በኦገስት 2009 ያወጡት ሪፖርት የጃፓን ሰርጓጅ መርከብ ወሬ መሠረት የሌለው መሆኑን፣ በውሃ ላይ ሰዎች ስለመፈጀታቸውም ሆነ በሐሰተኛ ምልክት ስለመታለላቸው ማስረጃ አለመገኘቱን ደመደመ። መርከቢቱን ለጥፋት የዳረጋት አዛዧ ማንነቷ ወዳልተረጋገጠ መርከብ ያን ያህል ተጠግተው፣ ለውጊያ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋጁ መቅረባቸው ነው አለ። ይህ ለካፒቴን በርኔት ቤተሰብ ከባድ ፍርድ ነው። ይሁንና ከዚያ በፊት ለስድሳ ዓመት የነበረው አሉባልታ ለእርሳቸውም አልጠቀመም፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ሽንፈት በአዛዡ ላይ ከማንኛውም የተወሰነ ስሕተት የሚበልጥ ጥላ ይጥላል። አሁን የሚታወቀው አንድ ሰው በአንድ ምሽት የወሰነው የተሳሳተ ውሳኔ ነው፤ እርሳቸውም ከሰዎቻቸው ጋር ሞተዋል። ሙታንን በክብር ማሰብ ጥፋታቸውን መደበቅን አይጠይቅም፤ ከ645ቱ ስሞች መካከል የበርኔት ስም እንደ ሌላው ሁሉ ተቀርጾ ይገኛል።

የኮርሞራን ወገንም በመታሰቢያው ታሪክ ውስጥ ቦታ አለው። ዴትመርስ በ1945 መጀመሪያ ከምርኮኞች ካምፕ በመሬት ሥር በቆፈሩት ዋሻ አምልጠው እንደገና ተያዙ፤ በ1947 ወደ ጀርመን ተመለሱ፤ ቃላቸው እውነት መሆኑ ሳይመሰከርላቸው አረጁና ሞቱ። ይሁንና በ2011 የሁለቱ መርከቦች ስብራቶች አንድ ላይ በአውስትራሊያ ብሔራዊ የቅርስ መዝገብ ሰፈሩ። ማንም ሰው ያለ ፈቃድ እንዳይቀርባቸው ሕጉ ይከለክላል፤ ከውስጣቸውም የሚወጣ ነገር የለም፤ ስብራቶቹ የመቃብር ያህል ተከብረው ባሉበት ይቆያሉ። ሕጉ ብቻውን ግን በቂ እንዳልሆነ የእኅት መርከቧ የፐርዝ ዕጣ ያሳያል። በ1942 በሱንዳ ወሽመጥ የሰጠመችው ይህች የአውስትራሊያ ክሩዘር ጥልቀቱ ባልበዛ ውሃ ውስጥ ስለተኛች ብረት ነጋዴዎች አብዛኛውን አካሏን ቆራርጠው ወስደውታል። ሲድኒን ከዚህ ያተረፋት ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ የሆነው ውሃ ነው።

በክሪስማስ ደሴት የተቀበረው መርከበኛም ነገር መቋጫ አገኘ። መቃብሩ ከብዙ ፍለጋ በኋላ በ2006 ተገኝቶ አጽሙ ወጣ፤ በራስ ቅሉ ውስጥ የነበረው ፍንጣሪ የጀርመን ጥይት ሆነ። ስሙ ሳይታወቅ በኖቬምበር 19 ቀን 2008 ጄራልድተን በሚገኘው የጦር መቃብር በወታደራዊ ክብር ዐረፈ። የዲኤንኤ ምርመራው ግን አልተቋረጠም። ከጥርሱ የተወሰደው ናሙና ከዘር ሐረግ ጥናት ጋር ተዳምሮ በኖቬምበር 2021፣ መርከቢቱ በሰጠመች በ80ኛ ዓመቷ፣ ማንነቱ ይፋ ሆነ፦ ከብሪዝበን የመጣው ቶማስ ዌልስቢ ክላርክ፣ መርከቢቱን ከተቀላቀለ ገና ጥቂት ወራት ያስቆጠረ ወጣት መርከበኛ። ከሲድኒ ሰዎች ሁሉ የታወቀ መቃብር ያለው እርሱ ብቻ ነው። የቀሩት 644ቱ ያሉበት ሥፍራ ከ2008 ጀምሮ ይታወቃል፤ በጄራልድተኑ መታሰቢያ በ2011 በተጨመረው የውሃ ገንዳ ውስጥም የስብራቷ ሥፍራ ተመልክቷል።